ጉጉትና ጭልፊት በልደታ ሰማይ፦ አዳኝ አእዋፍን በበረራ ላይ ፎቶ ስለማንሳት ተረትና እውነታ

ልደታ በራሪ ነገር የለመደ ሰማይ ያላት የአዲስ አበባ ሰፈር ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ መናኸሪያው እዚሁ ልደታ የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አውሮፕላኖቹ ወደ ቦሌ ከሄዱ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። ሰማዩም ቢሆን ባዶውን አላደረም። ጠዋት በኮንዶሚኒየሞቹ አናት ላይ ጭልፊት ይዞራል፤ ረፋድ ላይ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ከፍ ይላል፤ ሲመሽ ደግሞ ከዛፎቹ መሃል የጉጉት ድምፅ ይሰማል።

እነዚህን ወፎች በበረራ ላይ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ወጣት ዛሬ በየሰፈሩ አለ። ብዙዎቹ ግን ካሜራውን ከማንሳታቸው በፊት ከሰው የሰሙት የተሳሳተ ነገር ያሰናክላቸዋል። ስህተቱ ፎቶን ብቻ ቢያበላሽ ባልከፋ፤ አንዳንዱ የወፏን ሕይወት ያስከፍላል።

ተረት፦ ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሰው ይሞታል፤ ማባረር ነው እንጂ ፎቶ ማንሳት ምን ይሉታል?

እውነታ፦ ጉጉት የምትጮኸው ክልሏን ለማስከበርና ጓደኛዋን ለመጥራት ነው። ወደ ሰው መኖሪያ የሚያመጣት አይጥ ነው። ቆሻሻ በተከማቸበትና እህል በተቀመጠበት አይጥ ይበዛል፤ አይጥ በበዛበት ጉጉት ትመጣለች። ማስረጃው ከምታርፍበት ዛፍ ሥር ይገኛል። ጉጉት ሆዷ ያልፈጨውን አጥንትና ፀጉር አድቦልቡላ በአፏ ትተፋዋለች፤ ያን ድቡልቡል ፈትቶ ያየ ሰው የአይጥ መንጋጋና የራስ ቅል ያገኛል። ለፎቶ አንሺም ይህ ትልቅ ምልክት ነው፤ ድቡልቡሉና ነጭ ኩሱ ካለ፣ ወፏ ከላይ ታርፋለች ማለት ነው። በድንጋይ የምትባረረው ጉጉት እንግዲህ ያለ ደመወዝ የምታገለግል የሰፈር ጠባቂ ናት። ለአይጥ የሚበተነው መርዝም እሷን ይገድላል፤ የተመረዘችውን አይጥ ስትበላ መርዙ ወደ እሷ ይተላለፋልና።

ተረት፦ ጉጉት ቀን ዓይኗ አያይም፤ ስለዚህ ቀን ተጠግቶ ማንሳት አይረብሻትም።

እውነታ፦ ጉጉት ቀንም ታያለች። ዓይኗ በጉድጓዱ ውስጥ ስለማይንቀሳቀስ ዙሪያዋን የምትቃኘው አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ በማዞር ነው፤ ከኋላ የመጣም ሰው አያመልጣትም። ሰው ሲቀርባት ሰውነቷን አቅጥና ቀጥ ብላ ዓይኗን ጨፈን ብታደርግ እንቅልፍ አይደለም፤ ፈርታ ከግንዱ ጋር ለመመሳሰል እየሞከረች ነው። ይህን ያየ ፎቶ አንሺ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በቀን ተባርራ ከወጣች ቁራዎች ተሰብስበው ያዋክቧታል፤ ዕረፍቷን አጥታ ለሌሊቱ አደን የሚያስፈልጋትን ጉልበት ትጨርሳለች። ፍላሽም እንዲሁ ነው። ጨለማ ውስጥ ብሌኗ ሰፍቶ እያለች ድንገተኛ ብርሃን ዓይኗ ላይ መልቀቅ በምትበርበት ሰዓት ያደናግራታል።

ትክክለኛው ሰዓት ራሷ ለአደን የምትወጣበት ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ጭላንጭል 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ድምፅ ሰምቶ ካሜራ ማንሳት አይሠራም፤ የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው፣ የኋላው ጠርዝ ዘርፋፋ፣ ገጹም እንደ ከፋይ ለስላሳ ስለሆነ በረራዋ አይሰማም። ደስ የሚለው፣ ለክብደቷ ሰፊ ክንፍ ስላላት በዝግታ ትበራለች። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ሹተሩን ወደ 1/500 ሰከንድ ዝቅ አድርጎ ክንፏን ዘርግታ ስትንሳፈፍ መያዝ ይቻላል።

ተረት፦ በራሪ ወፍ የሚነሳው እንደ መድፍ በረዘመና በተወደደ ሌንስ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ረጅም ሌንስ ይረዳል፤ ከሌንሱ በፊት የሚያስፈልገው ግን ወፉን ማወቅ ነው። የወፍ በረራን በተከታታይ ምስል ካስቀሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በጠመንጃ ቅርጽ በሠራው ካሜራ በሰከንድ 12 ምስል ያነሳ ነበር። ዛሬ ተራ የሚባለው ካሜራ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የልደታ ጭልፊት ደግሞ ሰው የለመደ ነው። በሥጋ ቤት ደጅና በገበያ ዳር ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃዋል፤ አራተኛ ወይም አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው እንዲያውም ከወፉ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው። ስልክ ብቻ ያለውም ቢሆን ጀንበር ስትጠልቅ የወፉን ጥላማ ቅርጽ ከነሹካማ ጅራቱ ማስቀረት ይችላል።

ተረት፦ ጥሩ የበረራ ፎቶ ዕድል ነው፤ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ብቻ ነው።

እውነታ፦ ወፍ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይናገራል። ሊነሳ ሲል ኩሱን ይጥላል፣ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ፊቱንም ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ሲነሳም ሲያርፍም ነፋስን ፊት ለፊት ይቀበላልና። ስለዚህ ፀሐይና ነፋስ ከጀርባህ ሲሆኑ ወፉ ብርሃን ፊቱ ላይ እያረፈ ወደ አንተ ይመጣል። በአዲስ አበባ በበጋ ወራት ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ነው፤ የጠዋት ፀሐይም እንዲሁ። ጠዋት ልደታ ላይ ቆሞ ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛል።

ጭልፊት የያዘውን ቁራጭ እየበረረ የመብላት ልማድ አለው። እግሩን ወደ ፊት፣ አንገቱን ወደ ታች ሲያደርግ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ የቀኑ ምርጥ ፎቶ ያለው እዚያ ጋ ነው። ለጭልፊት ሹተሩን 1/2000 ሰከንድ፣ ፎከሱን ወፉን ተከትሎ በሚሄደው ዓይነት ማድረግ ይበጃል። ሰማዩ ነጭ ሲሆን ካሜራው በብርሃኑ ተታልሎ ወፉን ያጠቁረዋል፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ የላባውን ዝርዝር ይመልሰዋል።

ተረት፦ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃን ስለሚበዛ ፎቶ ያምራል።

እውነታ፦ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ብቻ ስለሚመጣ የክንፉ ሥር ይጨልማል፤ ከጋለ ቆርቆሮና አስፋልት የሚነሳው ትኩስ አየርም ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ለጭልፊት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጎን ለጎን የሚመጣ ብርሃን ይሻላል። ጥንብ አንሳና ንስር ግን ምድር ሞቃ ትኩስ አየር እስኪነሳላቸው ይጠብቃሉ፤ እነሱን የሚፈልግ ሰው ከ3 ሰዓት በኋላ ይውጣ፣ ወደ ከፍታ ሳይርቁ መነሻቸው ላይ ይያዛቸው።

ተረት፦ ሥጋ ወርውሮ ጭልፊትን ማስጠጋት ማንንም አይጎዳም።

እውነታ፦ ሥጋ የተወረወረለት ጭልፊት ሰውን ከምግብ ጋር ማያያዝ ይማራል። በማግስቱ ሥጋ ይዞ ከሚያልፍ ሕፃን እጅ ሲነጥቅ ጥፍሩ ይቧጥጣል፤ ሰዉም በወፉ ላይ ድንጋይ ያነሳል። በመኪና መንገድና በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ መወርወር ደግሞ ወፉን ለሞት መጥራት ነው። ጎጆ አጠገብ መቆምም እንደዚያው። እናቲቱ ተነስታ ከራቀች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ጫጩቱንም ቁራ ይወስደዋል። የጎጆንና የጉጉት ማረፊያን ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አለመለጠፍም የዚሁ ሥነ ምግባር አካል ነው።

ተረት፦ አሞራ ሁሉ አንድ ነው፤ ደግሞም አያልቅም።

እውነታ፦ ጅራቱን ያየ ይለየዋል። የጭልፊት ጅራት እንደ ሹካ የተከፈለ ነው፤ ሲታጠፍ እንደ መሪ ይጠማዘዛል። የጥንብ አንሳ ጅራት አጭር፣ ክንፉ ሰፊና ጫፉ እንደ ጣት የተዘረጋ ነው። ከጭልፊቶቹም ውስጥ ቢጫ መንቆር ያለው የአገራችን ነዋሪ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው እንግዳ መንቆሩ ጥቁር ነው።

«አያልቅም» የሚለው ግን ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። በከተማችን ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የምናየው ቀጭን መንቆርና ሮዝ ፊት ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተመድቧል። የሩፔል ጥንብ አንሳም በዚያው ዓመት እዚያው መዝገብ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ወፍ ዝርያው ይኸው ነው። ከወፍ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚበረውን መሬት ላይ የሚጥለው በሥጋ ውስጥ የተቀመጠ መርዝ ነው። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ሬሳውን የሚያነሳው አይኖርም፤ ውሻና አይጥ ይበዛል፣ በሽታም ይከተላል።

ስለዚህ ካሜራም ሆነ ስልክ ያለህ የልደታ ልጅ፣ ነገ ጠዋት በረንዳ ላይ ውጣና ፀሐይን ለጀርባህ ሰጥተህ ቁም። ያነሳኸውን ፎቶ ቀኑንና ሰፈሩን ጽፈህ አስቀምጥ፤ ጥሩ ፎቶ ዝርያውን ስለሚያሳይ ለተመራማሪ ማስረጃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እንዲህ ያለውን ነገር ለሚወዱ ሰዎች የቆየ ቤት ነው። ማታ ጉጉት ስትጮህ ደግሞ ድንጋይ ያነሳውን ጎረቤትህን ጠርተህ ፎቶዋን አሳየው። በግቢው አይጥ የምትይዝለት እሷ መሆኗን ንገረው።