ስለ ጫጩት ቁጥርና ስለ ባሌ ደጋ ገበያ

የሲናና ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭዳል፤ አንደኛውን ወቅት ጋና፥ ሁለተኛውን ቦና ይለዋል። ስንት ሄክታር ስንዴና ገብስ እንደ ተዘራ፥ ስንት ኩንታልም እንደ ተገኘ የቀበሌው የእርሻ ሠራተኛ ይመዘግባል፤ ወረዳውም ይደምራል። ስለዚህ ነጋዴውም ሆነ ገበሬው ዋጋው ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ጥቂት ፍንጭ አያጣም። ስለ ዶሮ ግን እንዲህ ያለ ፍንጭ የለም። በበዓል ዋዜማ ሮቤ ገበያ ላይ ስንት ዶሮ እንደሚወጣ የሚታወቀው ዶሮው እግሩ ታስሮ መሬት ላይ ሲጋደም ነው፤ በዚያን ሰዓት ደግሞ ማወቁ ለሻጭም ለገዢም ብዙ አይረባም።

ይህ ጉዳይ ቀድሞ የሚያስጨንቅ አልነበረም። ታቃፊ ዶሮ በጭድ ላይ ተቀምጣ ከ10 እስከ 15 እንቁላል ትፈለፍላለች፤ ባለቤቲቱም ጫጩቶቹን ከጭልፊትና ከፈንግል ያተረፈችውን ያህል ታሳድጋለች። በዚህ ዓይነት ዕርባታ ግማሽ ያህሉ ጫጩት ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ለዚህ ቁጥር መዝገብ ያዙ ማለት አይገባም ነበር። ዛሬም ቢሆን በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት የናሙና ቆጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ከ10 ውስጥ 8 ያህሉ የአገሬው ዝርያ ናቸው። ዳሩ ግን ለከተማ ገበያ፥ ለሆቴልና ለማኅበራት የሚቀርበው ዶሮ እየዋለ እያደረ የመኪና ልጅ እየሆነ መጥቷል።

የመፈልፈያው መኪና ሥራ ለአስተዋለው ሰው የሚያስደንቅ ነው። እንቁላሉ በ37 ዲግሪ ተኩል ግድም ሙቀት ይያዛል፤ እናቲቱ በምንቃርዋ እንደምታገላብጠው ሁሉ መኪናው እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ያገላብጠዋል፤ በመካከል በብርሃን እየታየ ሕይወት የሌለው ይለያል፤ በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ይወጣል። ከአንድ መቶ እንቁላል ሰማንያ ያህሉ ቢፈለፈል ደኅና ውጤት ይባላል። እንግዲህ ዛሬ መኪና ውስጥ የገባው እንቁላል ቁጥሩ ከታወቀ፥ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚወጣው ጫጩት ይታወቃል፤ ለሥጋ ተብሎ የሚያድገው ዶሮ በ6 ወይም በ7 ሳምንት ለመታረድ ስለሚደርስ፥ ከዘጠኝና ከአሥር ሳምንት በኋላ ገበያ የሚወጣው ሥጋም በግምት ይታወቃል። ስንዴ በረዶና ዋግ ያበላሸዋል፤ የእንቁላሉ ቀን ግን አይዛነፍም።

በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ይህንኑ አጢኖ፥ በየሳምንቱ ረቡዕ ረቡዕ በ19 ግዛቶች ውስጥ ስንት የሥጋ ዶሮ እንቁላል መኪና እንደ ገባ፥ ስንትም ጫጩት ለአርቢዎች እንደ ተሰጠ ያሳውቃል። በቅርብ ዓመታት የሚገባው እንቁላል በሳምንት 240 ሚሊዮን ያህል፥ የሚሰጠው ጫጩት ደግሞ 190 ሚሊዮን ያህል ነው። የእያንዳንዱ መፈልፈያ ቁጥር በምስጢር ይጠበቃል፤ የሚገለጠው ድምሩ ብቻ ነው። ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ ነጋዴ ምስጢሩን ለተወዳዳሪው እንዳይገልጥ መፍራቱ የተገባ ነውና። ከድምሩ ግን መኖ ሻጩም፥ ቄራውም፥ ባንኩም፥ ትንሹም አርቢ እኩል ይማራል።

በኢትዮጵያ የዚህ ቁጥር ጥቅም ከአሜሪካም ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም የአሜሪካ ሰው ዶሮ የሚበላው ዓመቱን ሙሉ ሲሆን፥ የእኛ ሰው ግን በጾምና በፍስክ ተከፍሎ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ከነነዌ ሰኞ እስከ ትንሣኤ እሑድ 69 ቀን ነው። የዶሮውም ሒሳብ ከዚህ ጋራ ይገጥማል፤ 21 ቀን በመኪና፥ 48 ቀን በቤት፥ ድምሩ 69። በነነዌ ሰኞ መኪና የገባ እንቁላል በቅድስት እሑድ ማግስት ይፈለፈላል፤ ለትንሣኤም ይደርሳል። የ2018 ዓ.ም. ነነዌ ጥር 25 ቀን፥ ትንሣኤው ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ሦስት ወር የሚፈልግ፥ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዶሮ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉ ከገና በፊት፥ በነቢያት ጾም ውስጥ መግባት አለበት።

ወጥመዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ለፋሲካ የሚሆነው ጫጩት የሚወጣው በዐቢይ ጾም መጀመሪያ፥ ሥጋ ቤቱ በተዘጋበት፥ የዶሮ ዋጋ በወረደበት ሰሞን ነው፤ ጫጩት ገዢ ይጠፋል። የፋሲካን ዋጋ አይቶ የጓጓ ሰው ደግሞ በበዓሉ ማግስት ጫጩት ቢያዝ፥ እንቁላሉ ያን ጊዜ ገብቶ ዶሮው የሚደርሰው ሰኔ 13 ግድም፥ በሐዋርያት ጾም መካከል ነው። ዶሮው ከደረሰ በኋላ በየቀኑ ይበላል፤ የሚበላውን ያህል ግን ክብደት አይጨምርለትም፤ ገዢውም እስከ ሐምሌ 5 ይጠብቃል። ለምሳሌ 500 ጫጩት በብድር ያስገባ የወጣቶች ማኅበር ቢኖር፥ ከወጪው ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው መኖ ነውና፥ የሁለትና የሦስት ሳምንት ትርፍ መኖ ያተረፈውን ሁሉ ይወስድበታል።

ባሌ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከሕዝቡ የሚበዛው እስላም ስለ ሆነ ክርስቲያኑ ሲጾም የዶሮ ገበያው ጨርሶ አይዘጋም፤ ይልቁንም በረመዳን ማታ ማታ ይፈለጋል። የእስላም በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሳቡ ግን ያለፈው ዓመት ልምድ ለሚመጣው ዓመት አይበቃም። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2 ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይራራቃሉ። ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሰላ አርቢ በሮቤና በጎባ ከሌላው ይልቅ ይጠቀማል።

ሌላው ነገር የአገሩ ከፍታ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር፥ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በሮቤ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በስስ አየር የእንቁላሉ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳ ቶሎ ይተንናል፤ ጽንሱም የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ ስለዚህ የመኪናው እርጥበት ካልተስተካከለ ብዙ ጫጩት በቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። ፈጣን አዳጊ የሆነው የሥጋ ዶሮ ደግሞ ሥጋው ልቡንና ሳንባውን ቀድሞ ስለሚያድግ፥ ልቡ ደክሞ ሆዱ ውሃ ይቋጥርና ይሞታል፤ በደቡብ አሜሪካ ተራራማ አገሮች የታወቀ በሽታ ነው። የባሌ ሌሊት ብርድም ይህን ያብሳል፤ የበረደው ዶሮ ይበልጥ መተንፈስ ይፈልጋልና። አርቢው በቆሻሻ ውሃ ወይም በመኖ ያመካኛል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የዝርያ ምርጫ ነው። ለሲናና ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆን ዶሮ ይሻላል፤ ትርፉ ቢዘገይም በቆጡ ላይ ይገኛል።

ከዚህ የተነሣ ቢሾፍቱ፥ በ1,900 ሜትር ከፍታ ላይ የተፈለፈለ ጫጩት ቁጥሩ ብቻውን የሲናናን ሥጋ አይናገርም። በመንገድ የሞተው፥ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተው፥ በሁለት ወር የቀረው ለየብቻ መመዝገብ አለበት። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ሥራ ጫጩትን በየገጠሩ አዳርሷል፤ በሪፖርት ላይ የሚነበበው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሰራጨው ቁጥር ነው። የተሰራጨ ጫጩት ደግሞ ገና ሥጋ አይደለም።

ሥራውን ለመጀመር ትልቅ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉት ድርጅቶች የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ይሰጣሉ፤ ወኪሎቹም ክትባቱን እየሰጡ እስከ 45 ቀንና ከዚያም በላይ አሳድገው ለገበሬ ይሸጣሉ። ስለዚህ መዝገቡ ሊያዝ የሚችልባቸው ሁለት በሮች አሉ፤ አንደኛው የመፈልፈያው በር፥ ሁለተኛው የወኪሉ በር። መፈልፈያው በሳምንት የገባውን እንቁላልና የወጣውን ጫጩት፥ ወኪሉም የተረከበውን፥ የሞተበትንና የሸጠውን ለወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ፥ የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ድምሩን ብቻ ሊያወጣ ይችላል። በሲናና በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማእከልና በሮቤ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የከፍታውን ሞት ለይተው ቢመዝኑ፥ ለባሌ ብቻ ሳይሆን ለአርሲና ለሰሜን ደጋ አርቢዎችም መለኪያ ይገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ድምሩ ከሮቤ ዱቄት ፋብሪካዎች ፉርሽካ ለሚገዙት አርቢዎች ይጠቅማል። ፉርሽካው እዚያው በደጃቸው ነው፤ በቆሎውና የኑግ ፋጉሎው ግን ከሩቅ ይመጣል፤ ከስድስት ሳምንት በፊት ስንት ጫጩት እንደሚመጣ ያወቀ ነጋዴ ጭነቱን በጊዜው ያዝዛል፤ ያላወቀው ደግሞ ዶሮው ከተራበ በኋላ በውድ ይገዛል።