የትኛው ሕግ ዛሬ ይሠራል?

በጁባ፣ ከጥበቃ ተራ መልስ፣ ወታደሩ በእጅ ስልኩ ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገርበት የማታ ሰዓት አለ። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሰዓት አንድ ሃምሳ አለቃ ተክዞ አገኘሁት። እኅቱ ወታደር ባሏን በሞት ያጣች፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ስለ ጡረታ አበል ብትጠይቅ፣ አንድ ራፖር ጸሐፊ ከኢንተርኔት ያወጣውን አዋጅ አሳይቶ «የጠየቅሽው በሕግ የለም» ሲል አሰናብቷታል። እርሷም ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ «ጋሼ፣ እስቲ አንተ እየው» ብላ ልካለታለች።

በወረቀቱ ራስጌ የሰፈረው ቁጥር 714/2003 ነበር። አዋጁ ሐሰተኛ አይደለም፤ በዘመኑ የጸና የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ነው። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። የሟቹ ዕረፍት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ችግሩ የሕግ እጦት ሳይሆን፣ የተገኘው ሕግ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን አለማጣራት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ለማጣራት የሕግ ባለሙያ መሆን አያሻም። ከሁሉ አስቀድሞ ምንጩን እንይ። የፌዴራል ሕግ የሚታወጀው በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 በተቋቋመው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አዋጆቹም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ይገኛሉ። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል። በእንግሊዝኛ ስንፈልግ ቁጥሩ ሳይለወጥ ዓመቱ እንደሚለወጥ አንርሳ፤ 1267/2014 በዚያ 1267/2022 ነው። ቀጥሎ ወደ አዋጁ መጨረሻ እንሂድ። የተሻሩትን ሕጎችና አዋጁ የሚጸናበትን ቀን የሚናገሩት አንቀጾች በአብዛኛው እዚያ ናቸው። ጉዳያችን የደረሰበትን ቀን ከእነርሱ ጋር እናስተያይ። በመጨረሻም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ያሳተማቸውን ውሳኔዎች እንመልከት፤ የሕግ ትርጉሙ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና።

ይኸው ጥንቃቄ እዚሁ ለቆምንበት ግዳጅም ይሠራል። የደቡብ ሱዳን ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1996 ሲቋቋም፣ አዲሱን መንግሥት በግንባታው መደገፍ ዐቢይ ሥራው ነበር። ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 2155 ሲቪሎችን መጠበቅን አስቀደመ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ስምምነትም 36 ወራት የሽግግር ዘመን ወስኖ ነበር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 በየጊዜው 24 ወራት ተራዝሟል። የመጀመሪያውን ሰነድ ብቻ ያነበበ ሰው፣ እውነተኛ ወረቀት በእጁ ይዞ ይሳሳታል።

ሃምሳ አለቃው ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። አዲሱን አዋጅ አውርዶ፣ ተተኪዎችን የሚመለከቱትን አንቀጾች አስምሮ ለእኅቱ ላከላት። «ሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄጂ የአዋጁን ቁጥር አስቀድመሽ ተናገሪ» አላት። መልሱ ገና አልመጣም። እርሷ ግን በዚያ ደጅ የምትቆመው በልመና ሳይሆን፣ የሚሠራውን ሕግ በእጇ ይዛ ነው።