ዘሩ ወይስ መሬቱ? ስለ ቀዩ የፋይበር ሌዘር

ዳላስ አካባቢ የምንኖር ሁሉ የሪቻርድሰንን «ቴሌኮም ኮሪደር» እናውቀዋለን። በቴሌኮም ፋይበር፣ ማለትም እንደ ፀጉር በቀጠነው ብርጭቆ ውስጥ የሚጓዘው ብርሃን ግን በዓይን አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 1550 ናኖሜትር ገደማ ነው። ፋይበሩ ራሱ ሌዘር ሲሆንም በአብዛኛው የሚያወጣው የማይታይ ብርሃን ነው።

ለምን? ፕራሲዮዲሚየም የተባለው ንጥረ ነገር ቀይ ብርሃን መስጠት ይችላል። ሆኖም በተለመደው የሲሊካ ብርጭቆ ውስጥ ሲጨመር፣ የብርጭቆው ንዝረት ኃይለኛ በመሆኑ አብዛኛው ጉልበት ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይ ሬን ከተማ የተገኘው የፍሎራይድ ብርጭቆ ግን ንዝረቱ ለዘብ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የካናዳው ላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ፋይበር 635 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን አወጡ፤ እያንዳንዱ ብልጭታ ወደ 168 ፌምቶሰከንድ አጥሯል። ፌምቶሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ፣ ያ ክፋይ ደግሞ ለቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ይህን ያህል ያጠረ ብልጭታ ዙሪያውን ሳያቃጥል የሰውነትን ሥጋ በጥንቃቄ ለመቁረጥ ይረዳል።

ልብ በሉ፤ ዘሩ ያው ፕራሲዮዲሚየም ነው፤ የተለወጠው መሬቱ ነው። አገር ቤት ሳለ «አይሆንለትም» የተባለ ወጣት እዚህ ላብራቶሪ ገብቶ ሲያበራ «ጎበዝ!» ብለን ብቻ አንለፍ። እዚያ የቀሩትስ እንዲያበሩ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን ላብራቶሪ ለማሟላት እኛ ምን አደረግን?