ሽቶው አልጠፋም፣ አፍንጫሽ ነው የለመደው

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ መልእክት እኔም ዘንድ ደረሰ። ነጭ ምስክ የሚባለውን ርካሽ የሴቶች ሽቶ የገዛችሁ ሁሉ፣ ክንዳችሁ ላይ ነፍታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ ይላል። ከዚያ በኋላ ካልሸተታችሁ አልኮልና ውኃ ነው፤ እውነተኛው ምስክ ከጥርኝ ስለሚወጣ በዚህ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም ይላል። እንዲህ አጭር ሆኖ ይህን ያህል ስሕተት የተሸከመ ጽሑፍ ካየሁ ቆይቻለሁ። ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር፤ ግን የእህቴ ልጅ አመነችው። "ጋሼ፣ ተጭበረበርኩ!" እያለች ስትመጣ፣ እሷ ሳሎን ከመድረሷ በፊት የአበባውና አዲስ የታጠበ አንሶላ የሚመስለው ጠረን ቀድሟት ገብቶ ነበር።

የጥርኙን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ጥርኝ የሚሰጠው ዝባድ ነው፤ ከጅማና ከኢሉባቦር አካባቢ በከብት ቀንድ እየታሸገ ለዘመናት ወደ ውጭ የተላከው እሱ ነው። ምስክ ግን የሌላ እንስሳ ነው። በእስያ ተራሮች የሚኖር ትንሽ የምስክ አጋዘን አለ፤ ወንዱ ከሆዱ ሥር ከረጢት አለው። ከአንዱ ከረጢት 25 ግራም ያህል ቢገኝ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 40 አጋዘን መሞት ነበረበት። ሰዎች ሁለቱን የሚያምታቷቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኬሚስትሪ ዘመዳሞች ናቸው። ዶቃ በክር ሰክታችሁ ጫፍና ጫፉን ብታስሩት፣ 15 የካርቦን ዶቃ ያለው ቀለበት የምስኩ ሙስኮን፣ 17 ያለው የዝባዱ ሲቬቶን ነው። ይህን በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ያሳየው ኬሚስቱ ሌኦፖልድ ሩዚችካ ነው። በዘመኑ የነበሩ ኬሚስቶች ይህን ያህል የሰፋ ቀለበት ጸንቶ ሊቆም አይችልም ብለው ያምኑ ስለነበር ነገሩ አስደንግጧቸዋል። በ1939 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ።

ርካሹ ሽቶ ውስጥ ያለው ከሁለቱም አይደለም። በ1888 አልበርት ባውር የተባለ ጀርመናዊ የፈንጂ ኬሚካል ሲቀምም፣ የማይፈነዳ ነገር ግን ምስክ ምስክ የሚል ውሕድ አገኘ፤ ሰው ሠራሽ ምስክ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ጋላክሶላይድ የተባለው ሰው ሠራሽ ምስክ መጣ። ርካሽ ነው፣ ሲታጠብ ጨርቅ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የወረረው የሽቶ ጠርሙስን ሳይሆን የልብስ ሳሙናን ነው። ትውልድ ሁሉ "ንጹሕ ልብስ" ሲል ይህን ጠረን ማለቱ ሆነ። በ1981 ዘ ቦዲ ሾፕ የተባለው ኩባንያ ዋይት ማስክ የተሰኘ ሽቶውን ሲያወጣ፣ እንስሳ ያልተነካበትን ምስክ ከአበባ ጋር አዋሕዶ ለተራው ሰው በሚሆን ዋጋ ሸጠ። ዛሬ ገበያውን የሞሉት ነጭ ምስኮች አብዛኞቹ የእሱን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

(ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። "ነጭ" የፈሳሹ ቀለም አይደለም፤ የንጽሕና ስም ነው። ዓረቦች ሚስክ የሚሉት፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በትንንሽ ብልቃጥ የሚያመጡት ወፍራም ነጭ ቅባትም ስሙን ይጋራል እንጂ ሌላ ነገር ነው። "ይሸታል" የሚለው ግስም አስቸግሮኛል፤ እኛ ዘንድ ለሽቶም ለካልሲም እኩል ያገለግላል። እዚህ ለበጎው ብቻ ነው የምጠቀምበት።)

የነጭ አበባውን ክፍል ለመረዳት ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ቡና ማሳ ውስጥ የቆመ ሰው ማስረዳት አያሻውም። የቡና አበባ፣ ጠንበለል፣ ጃስሚን ሁሉ ነጭ ናቸው፣ ሁሉም ጣፋጭ ናቸው። የተፈጥሮውን የጃስሚን ዘይት አንድ ኪሎ ለማውጣት በእጅ የተለቀመ ብዙ መቶ ኪሎ አበባ ይፈልጋል፤ ርካሹ ሽቶ እሱን በቤተ ሙከራ ውሕዶች ይተካል። በዚህ በኩል ውድ ሽቶ ብልጫ አለው፤ አልክድም።

አሁን ወደ አሥሩ ደቂቃ። የሎሚው ጠረን ቶሎ ይበናል፣ አበባው ይከተላል፣ ምስኩ መጨረሻ ይቀራል፤ ይህን ማንኛውም ሽቶ ሻጭ ይነግራችኋል። ሻጩ የማይነግራችሁ አፍንጫችሁ ውስጥ የሚሆነውን ነው።

ሰው 400 ያህል ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉት። የተቀባዮቹን ዘረመል ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል በ1991 ይፋ አድርገው በ2004 ለኖቤል በቅተዋል። አንድ ሞለኪውል ንፍጡን ተሻግሮ ከተቀባዩ ላይ ሲያርፍ፣ በሴሉ ውስጥ መልእክተኛ ይነሣል፣ መልእክተኛው የሴሉን በር ይከፍታል፣ በበሩ ካልሺየም ይጎርፋል፣ ሴሉም ወደ አንጎል "መጣ!" ብሎ ይጮኻል። የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያስጮኸው ካልሺየም ራሱ ዞሮ ሥርዓቱን ያደነዝዛል። የግቢ ዘበኛን አስቡት። መጀመሪያ ቀን ያስቆማችኋል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ቦርሳ ይፈትሻል። በሁለተኛው ሳምንት አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። በወሩ ብታልፉም አያያችሁም። አላለፋችሁም ማለት ግን አይደለም። ካልሺየሙ ይህን የሚሠራው በዋናነት በየትኛው ፕሮቲን በኩል እንደሆነ አሁንም ክርክር አለ፤ አንጎልም በበኩሉ የማይለዋወጥን ነገር ችላ ይላል።

ዘበኛው ካልተዋጠላችሁ ቡና አፍሉ። ከሰሉ ላይ ዕጣን ጣል አድርጋ ቡናውን የምትቆላው ሴት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዕጣኑን አትሰማውም። ከደጅ የገባች ጎረቤት ናት "ኧረ ቤቱ እንዴት አውዷል!" የምትለው። ቡና የምትቆላዋ ውጭ ወጥታ ነፋስ ተቀብላ ስትመለስ እሷም ትሰማዋለች። ዕጣኑ ያው ነው፣ ጭሱም ያው ነው። ክንዱ ላይ ነፍቶ አሥር ደቂቃ ሙሉ አፍንጫውን የደቀነ ሰው ሽቶውን ሳይሆን የገዛ ዘበኛውን ነው የፈተነው።

ምስክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን የሞለኪውል ክብደቱ 136 ሲሆን ጋላክሶላይድ 258 ነው፤ ከ300 ገደማ በላይ ያለ ሞለኪውል አብዛኛውን ጊዜ አይሸትም። ከባድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ነው ወደ አየር የሚወጣው። የሚቀበለውም ጥቂት ነው። ብዙው ሽታ በብዙ ተቀባይ እንደ መዘምራን በኅብረት ሲዜም፣ ምስክን የሚያዜሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2014 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ተቀባዮች ሙስኮንን የሚያውቀውን ለይተው ኦአር5ኤኤን1 መሆኑን አሳዩ። በ2022 ደግሞ በሌላ ጥናት የጋላክሶላይድ ድርሻ ኦአር4ዲ6 ላይ ወደቀ፤ የዚህ ዘረመል አንዳንድ ቅጂዎች ያሏቸው ሰዎች ጋላክሶላይድን ደካማ አድርገው ይሰሙታል፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይሰሙትም። በኅብረት ዝማሬ አንዱ ቢያስነጥስ ማንም አያውቅም፤ ዘማሪው አንድ ከሆነና ከቀረ ግን ጸጥታ ነው። ሽቶ ቀማሚዎች ሁለት ሦስት ዓይነት ምስክ የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው። አንዱ ያመለጠውን አፍንጫ ሌላው ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ራሴን መግታት አለብኝ፤ ኬሚስት ነኝና ወደ ሠፈሬ ክርክር ገብቻለሁ። እስካሁን ሞለኪውል በቅርጹ ይታወቃል ብዬ ይዤ ነው የጻፍኩት፣ እጅ በጓንት እንደሚገባ። ሳይንቲስቱ ሉካ ቱሪን ግን ከ1996 ጀምሮ አፍንጫ የሚያነበው የሞለኪውሉን ንዝረት ነው ሲል ይሟገታል። መሞከሪያው ምስክ ሆነ። በሞለኪውሉ ያለው ሃይድሮጅን በከባዱ ወንድሙ በዲዩቴሪየም ሲተካ ቅርጹ ያው ሆኖ ንዝረቱ ይለወጣል። በ2013 የእሱ ወገን፣ ሰዎች ልዩነቱን አሸተቱ አለ። በ2015 ሌላ ቡድን ይኸው ኦአር5ኤኤን1 በሳሕን ላይ ተራውን ሙስኮንና ዲዩቴሪየም የገባበትን አይለይም አለ። እኔ ከቅርጹ ጋር ነኝ፤ አብዛኛው ባልደረባዬም እንዲሁ። ነገር ግን ሳሕን ላይ ያለ ሴል አፍንጫ አይደለም፤ ንፍጥና ኢንዛይም የለውም። የባውር ውሕድ፣ የሩዚችካ ቀለበትና ጋላክሶላይድ በመልክ አይመሳሰሉም፤ ሦስቱንም ምስክ የሚያሰኛቸው ምን እንደሆነ ቅርጽ ብቻውን በቀላሉ አያስረዳም። ለዚህ የተመቸ መልስ ያለው ባልደረባ ካለ ቡናው በእኔ ነው።

ጋላክሶላይድ ንጹሕ ይሸታል እንጂ ከነቀፋ ንጹሕ አይደለም። ጨርቅ ላይ የሚያጣብቀው ባሕርይ በሰውነት ስብ ውስጥም እንዲጠራቀም ያደርገዋል፣ ውኃ ውስጥም ቶሎ አይበሰብስም፤ በወንዞችና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ርዝራዡ ተገኝቷል። መወራት የነበረበት ይህ ነበር፣ ግን ማን ያስተላልፈዋል?

የእህቴን ልጅ ሽቶውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንድትነፋ አድርጌ፣ ነጠላውን ሳሎን ትተን ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ስንመለስ በሩ ላይ ቆማ አየር ሳበች። "አበባው ይሸተኛል" አለች፤ ቀጥላ ፊቷን አጨማደደች፤ "ያ አንሶላ የምትለው ግን የለም።" እንግዲህ ጋላክሶላይድ ከማይሰማቸው ሰዎች አንዷ ትሆናለች ብዬ ማስረዳት ስጀምር፣ እናቷ ከገበያ ገባች። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ሳሎኑን ቃኘች፦

"ልብስ አጠባችሁ እንዴ?"