አንድ እጅ አያጨበጭብም
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ባለፈው የዕረፍት ፈቃዴ ወደ አጣዬ ወርጄ ሳለሁ፥ የእኅቴ ልጅ ከውጭ አገር የመጣችለትን አንዲት አሮጌ የእጅ መጫወቻ ይዞ፥ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። «ጋሼ፥ በቀኝ እጄ አንዱን ሰው፥ በግራ እጄ ሌላውን አዋጋለሁ» ቢለኝ የልጅ ቧልት መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ስመለከት ግን ለትልልቆችም የሚበጅ ነገር ስላገኘሁባት፥ ዛሬ ስለ እርስዋ ባጭሩ ለመናገር ዐሰብሁ።

መሣሪያዋ ኒንቴንዶ ዲ ኤስ ትባላለች። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣት ስትሆን፥ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች። እንደ መጽሐፍ ትከፈታለች፤ ሁለት መስኮቶችም አሏት። የላይኛው ለማየት ብቻ ነው፤ የታችኛው ግን ብዕር በምትመስል ቀጭን ዘንግ ሲነካ ይታዘዛል። በስልክ መስተዋት ላይ ጣትን ማንሸራተት ዛሬ ተራ ነገር ቢሆንም፥ በዚያን ዘመን ጨዋታን በመንካት መምራት ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር።

ልጁ የሚጫወተው ጨዋታ ስኩዌር ኢኒክስ በሚባል ኩባንያ ተሠርቶ በ2007 ዓ.ም. በጃፓን የወጣ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ «ዘ ወርልድ ኢንድስ ዊዝ ዩ» ይባላል። ዐይነቱም ተጫዋቹ የአንድ ባለ ታሪክን ቦታ ይዞ፥ እየተዋጋና እየበረታ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው የሚከተልበት ነው። ባለ ታሪኩ ኔኩ የሚባል ወጣት ሲሆን፥ ከሰው ጋር መነጋገርን ስለሚጠላ ጆሮዎቹን በማዳመጫ ደፍኖ የሚኖር ነው። አንድ ቀን በቶኪዮ፥ ሺቡያ በተባለው ሰፈር፥ መንገድ መካከል ተኝቶ ይነቃል። በሰባት ቀን ውስጥ የሚታዘዘውን ሁሉ ካልፈጸመ ይጠፋል፤ ብቻውን ሊዋጋ ስለማይችልም የግድ ባልንጀራ መያዝ አለበት።

የጨዋታው ልዩ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ውጊያው በሁለቱም መስኮቶች ባንድ ጊዜ ይካሄዳል። ኔኩ በታችኛው መስኮት ሆኖ፥ ተጫዋቹ በዘንጓ እየነካ፥ እየጫረ፥ እየከበበ ያዋጋዋል። ባልንጀራው በላይኛው መስኮት ሆኖ በሌላው እጅ ቁልፎችን በመጫን ይመራል። አንዱ በሚገባ ሲመታ አንዲት የብርሃን ኳስ ወደ ሌላው ትተላለፋለች፤ የተቀበላትም ኀይሉ ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሁለቱ ሕይወት አንድ ነው፤ አንደኛው ሲመታ የሚቀነሰው ከጋራ ሕይወታቸው ነው።

እኔም ሞክሬው ነበር። የታችኛውን ስጠብቅ የላይኛው ይመታብኛል፤ ወደ ላይ ስመለከት የታችኛው ይወድቃል። ዘንጓም አንዳንድ ጊዜ ያላዘዝኋትን ትሠራለች፤ ይህ ጉድለት እንደ ሆነ አልክድም። በ2012 ዓ.ም. ለስልክ፥ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ስዊች ለሚባለው መሣሪያ እንደ ገና ሲዘጋጅ፥ ባልንጀሮቹ ባንድ መስኮት ተሰብስበው አጨዋወቱ ቀለለ። በእኔ አስተያየት ግን ከድካሙ ጋር ትምህርቱም ተቀነሰ። ጆሮውን የደፈነው ልጅ ሌላውን ማሰብ እንዳለበት አሮጌዋ መጫወቻ በቃል ብቻ አትነግረንም፤ የገዛ እጃችንን ታስተምረዋለች እንጂ።

አጣዬ፥ አድማጮቻችን እንደሚያውቁት፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፥ የደጋና የቆላ ሰው የሚገናኝባት የይፋት ከተማ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቶባታል፤ ብዙ ቤትም ተቃጥሎባታል። የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሸሸ ነው። መጫወቻ የተቃጠለ ቤት አትሠራም፤ የሞተም አትመልስም። ነገር ግን ልጁን «ለምን የላይኛውን ትተህ አንዱን ብቻ አታዋጋም?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ እሱን ካልጠበቅሁት እኔም እሞታለሁ እኮ» ሲል መለሰልኝ።

ከጠረጴዛው በስተጀርባ ተቀምጠን ባለ ጉዳይ የምናስተናግድ እኛ፥ ከአንገታችን ቀና ሳንል «ነገ ተመለስ» የምንልበት ቀን ጥቂት አይደለም። በዚያን ጊዜ በላይኛው መስኮት ያለው ማን እንደ ሆነ ብናስብ መልካም ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም።