የተጎዳ ሙዚቀኛ የማን ነው?
ስለ ሙዚቃ ጓዶች መድን ለቤተሰብ የቀረበ ምክር

የቅዱስ ያሬድን ገድል የሰማ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያስታውሳል። ማሕሌታዊው ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳለ በእጁ የያዘው ዘንግ በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ደሙም ፈሰሰ። ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ግን የወጋውም የተወጋውም አላወቁትም። ንጉሡ ደሙን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ስለ ፈሰሰው ደም ዋጋም የወደደውን እንዲለምነው ለያሬድ ነገረው። ያሬድም ወርቅና ብር አልጠየቀም፤ ወደ ስሜን በረሃ ሄዶ በምናኔ ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ።

ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስሰማ የዜማውን ጣዕም ብቻ አስብ ነበር። በፍርድ ቤት ጸሓፊ ከሆንሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ባለሙያው በሥራው ላይ ሳለ ተጎዳ፤ ያሠራውም ጌታ ጉዳቱን አይቶ ዋጋው በእኔ ላይ ነው አለ። ዛሬ በሠርግና በሆቴል እየተጫወተ ልጆቹን የሚያሳድግ ሙዚቀኛ እንዲህ ያለ ንጉሥ አያገኝም። ስለዚህ ንጉሡ የሠራውን ሥራ የሚሠራለት ሌላ ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባዋል። ይኸውም የተጻፈ ውልና መድን ነው።

በወልቂጤና በቡታጅራ ይህ ነገር እንደ ሩቅ ነገር የሚታይ አይደለም። በመስቀልና በዐረፋ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ ትውልድ ስፍራው ይመለሳል፤ በሠርግ ወራትም ዳሱ ሁሉ በዘፈን ይሞላል። ያን ጊዜ ኦርጋኑ፣ ጊታሩ፣ ክራሩ፣ ከበሮውና ድምፅ ማጉያው በሚኒባስ ተጭኖ ሌሊቱን ይጓዛል። ሙዚቀኛው በአንዱ ቀን ከወልቂጤ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ በማግሥቱ በቡታጅራ፣ በሦስተኛው ቀን በአዲስ አበባ ይገኛል። እንቅልፍ ያጣ ሾፌር፣ ዝናብ ያረጠበው መንገድና ከጀኔሬተር የተሳበ ሽቦ የዘወትር ጓደኞቹ ናቸው።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ወይዘሮ ሁለት ልጆቿን አስከትላ ወደ መዝገብ ቤታችን መጣች። ባሏ ኦርጋን ተጫዋች ነበረ። ከሠርግ ሲመለሱ የተከራዩት መኪና ተገልብጦ ቀኝ እጁ ክፉኛ ተሰብሯል። ሠርገኛው፣ እኔ የተዋዋልሁት ከጓዱ አለቃ ጋር ነው አለ። የጓዱ አለቃም፣ እኔ እንደ እሱ የዕለት ገንዘብ ተካፋይ እንጂ አሠሪ አይደለሁም አለ። ባለ መኪናው ደግሞ ጥፋቱን በሌላ መኪና ላይ አላከከ። ወይዘሮዋ የያዘችው ወረቀት አልነበረም፤ ባሏ በዚያ ሠርግ ላይ ሲጫወት የተነሣውን ፎቶግራፍ ብቻ ነበር የያዘችው። ማመልከቻውን ካየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከሳሽ በሚለው ስፍራ የባሌ ስም ይጻፍ፤ ተከሳሽ በሚለው ስፍራ ግን የማንን ስም ላስጽፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ጸሓፊ ነኝና የምመልስላት ቃል አጣሁ፤ ወደ ሕግ ዐዋቂ እንድትሄድ ብቻ መከርኋት። በዚያ ዓመት ለሕክምናውና ለቤት ኪራዩ ኦርጋኑን እንደ ሸጡት ኋላ ሰማሁ።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ታይታኒክ የሚባለው ታላቅ መርከብ ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. በሰጠመ ጊዜ ስምንት ሙዚቀኞች ነበሩበት። በዋላስ ሃርትሊ መሪነት መንገደኛው እንዳይሸበር እየተጫወቱ ስምንቱም ከመርከቡ ጋር ሰጠሙ፤ ዓለምም ሁሉ አደነቃቸው። ቤተ ሰቦቻቸው ካሣ በጠየቁ ጊዜ ግን የመርከቡ ኩባንያ፣ እነዚህ ሰዎች በሁለተኛ ማዕርግ ቲኬት የተሳፈሩ ናቸውና ሠራተኞቼ አይደሉም አለ። በሊቨርፑል የነበረው አገናኝ ድርጅትም ካሣ አልከፍልም አለ፤ በሠራተኞች ካሣ ሕግ የቀረበው ክስም በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። ይባስ ብሎ አገናኙ ድርጅት ጆን ሂዩም ለተባለው የ21 ዓመት ቫዮሊን ተጫዋች አባት፣ የልጅህን የደንብ ልብስ ቀሪ ዕዳ 14 ሺሊንግ ከ7 ፔኒ ክፈል የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። ቤተ ሰቦቹን የረዳቸው የሕዝብ ምጽዋት ነው። በግንቦት 1904 ዓ.ም. በለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ ሙዚቀኞች ተሰብስበው መታሰቢያ ኮንሰርት አደረጉላቸው። እንግዲህ ዓለም ያደነቃቸው ሙዚቀኞች ተከሳሽ በሚለው ስፍራ የሚጻፍ ስም አላገኙም።

ስለዚህ መድን ሊገዛ የሚያስብ የሙዚቃ ጓድ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው ድርጅት ይረክሳል?» የሚል መሆን የለበትም። «በተጎዳሁ ሌሊት የማን ሰው ነኝ?» የሚል ነው። የዚህ መልስ ሲታወቅ የጎደለው ስፍራ ይታያል፤ መድንም የሚገዛው የጎደለውን ስፍራ ለመሙላት ነው።

ሙዚቀኛው በአንድ ሆቴል በደመወዝ ተቀጥሮ፣ በሆቴሉ ትእዛዝና ሰዓት የሚጫወት እንደ ሆነ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቊጥር 1156 ይጠብቀዋል። በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚከተሉት 3 ወራት ከመቶ 75፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከመቶ 50 እንዲያገኝ ዐዋጁ ያዝዛል። አሠሪው ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰ ጉዳትም በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቈጠራል። ጓዱ በአንድ ሌሊት ዋጋ ተስማምቶ የሚሄድ ሲሆን ግን ሙዚቀኛው እንደ ራሱ ሥራ ባለቤት ሊቈጠር ይችላልና ይህን ጥበቃ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አይገባውም። ስለዚህ ከሠርገኛውና ከሆቴሉ ጋር፣ እንዲሁም ጓዶቹ እርስ በርሳቸው፣ ማን አሠሪ እንደ ሆነና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል በአንዲት ገጽ ይጻፉ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በመዝገብ ቤት ዘወትር የሚታይ እውነት ነው።

ከዚህ በኋላ የመድኑ ምርጫ ይመጣል። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ቢሆን መልካም ነው።

አንደኛ፣ አካልን ማስቀደም ይገባል። ብዙ ሰው ድምፅ ማጉያው ውድ ነውና እሱን ያስቀድማል፤ ነገር ግን ማጉያ በብድር ይተካል፤ የኦርጋን ተጫዋች እጅ ግን አይተካም። የግል አደጋ መድን የሚባለው በድንገተኛ አደጋ ለሚመጣ ሞትና የአካል ጉዳት ነው፤ ጓዱ በአንድነት ሊገባው ይችላል። ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ለእያንዳንዱ አካል የተመደበው ሂሳብ ስንት ነው? ለጊዜው ሥራ ለመፍታት በየሳምንቱ የሚከፈል አለን? በሌሊት ጉዞ የሚደርሰውስ ይገባል? በተለመደው ሰሌዳ የአንዲት ጣት ዋጋ ጥቂት ነው፤ ሰሌዳው የክራር መቺ ጣት መሆኗን አያውቅምና ልዩ ስምምነት ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ መድን ለአደጋ እንጂ ለበሽታ አይደለም። ጉሮሮው ለታመመ ዘፋኝ፣ ለልጆቹና ለሚስቱም፣ ደመወዝተኛ ካልሆነ በቀበሌው ወደ ማኅበረ ሰብ አቀፍ የጤና መድን መግባት ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአገራችን በሙከራ የተጀመረ ሲሆን መዋጮው በቤተ ሰብ የሚከፈል ነው።

ሁለተኛ፣ በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ማሰብ ነው። ማጉያው ከመቆሚያው ወድቆ እንግዳ ቢመታ፣ ሽቦው ዳሱን ቢያቃጥል፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ የሕዝብ ኃላፊነት መድን የሚባል አለ። የመኪናው የግዴታ መድን ለሌላ ሰው የቆመ ነውና በውስጡ ለተጫነው ኦርጋንና ለራሱ ለመኪናው የሚከፍል አይምሰላችሁ። መኪና ስትከራዩ የመድኑን ምስክር ወረቀት ጊዜው እንዳላለፈ ተመልከቱ፤ መድኑ በኪራይ ለሚጓዝ ሰው መሆኑንም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው ነው። የእሳት፣ የስርቆት፣ የጉዞ ዕቃና ማንኛውንም አደጋ የሚመለከት መድን ለየብቻ ይሸጣሉ። ለቤት ዕቃ የተገባ መድን ለሥራ ወጥቶ በመንገድ የተሰበረውን ጊታር ላያካትት ይችላል። ሰባሪ ሳይገባበት የጠፋ ዕቃ፣ በአሮጌነት የተበላሸና በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የተቃጠለ መሣሪያም ከመድኑ ውጭ ሊሆን ስለሚችል የማይከፈልባቸውን ነገሮች የሚዘረዝረውን ክፍል ከፊርማ በፊት ማንበብ ግድ ነው። ዋጋውንም አትቀንሱ። 300,000 ብር የሚያወጣ መሣሪያ በ100,000 ብር ብቻ ቢመዘገብና የ60,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በሕጉ መሠረት ካሣው በዚያው ልክ ይቀንስና 20,000 ብር ይሆናል። ከፍ አድርጎ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ ካሣው በጉዳቱ ቀን ዕቃው ካለው ዋጋ አያልፍምና። የእያንዳንዱ መሣሪያ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በስሙ ይጻፍ፤ ደረሰኙና ፎቶግራፉም በሚስት እጅ በቤት ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የሕይወት መድን የገባ ሰው የተጠቃሚውን ስም ይጻፍ። ይህን በተለይ ለቤት እመቤቶች እናገራለሁ። በሕጋችን ተጠቃሚ ያልተጠራበት የሕይወት መድን ገንዘብ ወደ ውርስ ይገባል። ኑዛዜ በሌለ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ሚስት ከጋራው ሀብት ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ በሚስትነቷ ብቻ ወራሽ አትሆንም። አንድ መስመር ላይ የተጻፈ ስም ብዙ ቀጠሮ ያስቀራል።

የመድን ውል በጽሑፍ ይሆን ዘንድ ሕጉ ያዝዛል። ከተጠየቃችሁት ምንም አትሸሽጉ፤ እያወቀ የዋሸ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። አደጋ በደረሰ ጊዜ ባወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ አስታውቁ። ክስም ቢያስፈልግ ከ2 ዓመት በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ሻጩ ድርጅት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን መርምሩ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም፣ ከ1986ቱ ዐዋጅ ወዲህ የተከፈቱት የግል ኩባንያዎችም አሉና የሁለቱን ወይም የሦስቱን ዋጋና ቃል አስተያዩ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ የጉራጌ ሰው ይህን ጥያቄ ሊፈራ አይገባውም። በ1950ዎቹ ዓመታት ገንዘቡን አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ የሠራ ሕዝብ ነው። ለምሳሌ ስድስት ሰዎች ያሉበት ጓድ ከየሥራው እያንዳንዱ 200 ብር ቢያስቀምጥ በ20 ሠርግ 24,000 ብር ይሆናል። ዕድር ቀባሪ ነው፤ ሐዘንተኛውንም ያጽናናል፤ ስለዚህ አይተው። ነገር ግን ዕድር የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው፤ እጁ ተሰብሮ በሕይወት ለተቀመጠ ሙዚቀኛ የዓመቱን ቀለብ አይሰጥም። አደጋው ካለፈ በኋላ መድን መፈለግም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የያሬድ ንጉሥ ሳይጠየቅ ዋጋውን አሰበ። እኛ እንዲህ ያለ ጌታ የለንምና ራሳችን እናስብ። ቀጣዩ የሠርግ ወራት ከመድረሱ በፊት ጓዶች ሁሉ አንድ ማታ ተቀምጠው ውሉን ይጻፉ፤ ሚስቶቻቸውም ወረቀቱን አይተው በሣጥን ያስቀምጡት። ያቺ ወይዘሮ በመዝገብ ቤታችን ባዶ ሆኖ ያየችው ስፍራ በቤቷ ሳለች ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ኦርጋን ዛሬ ባይጫወቱበት እንኳ ለልጆቿ በተረፈ ነበር።