ከካፋ ጫካ እስከ ፓሪስ የዕፅዋት መናፈሻ

ወደ ፓሪስ የሄደ ሰው ከሴን ወንዝ አጠገብ አንድ ሰፊ የዕፅዋት መናፈሻ ያገኛል። ስሙ ዣርዳን ደ ፕላንት ይባላል። ለንጉሡ የመድኃኒት ተክሎች ማብቀያ ሆኖ የተመሠረተው ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1640 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በአበባ መደቦቹ መካከል ይመላለሳሉ፤ በየዛፉ ሥር የተጻፈውን ስም ያነባሉ። የሞቃት አገር ተክሎች ደግሞ ከብርድ ተጠብቀው በመስታወት ቤት ውስጥ ይታያሉ።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገሩ የሚመለከተን ግን የካፋ ደን ሲሳይ በዚያ መናፈሻ ታሪክ ውስጥ ስላለበት ነው።

ቡናው እንዴት ደረሰ?

የአረቢካ ቡና ዋና መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከዚህ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ። በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ «ሐላል ነው፣ ሐራም ነው» የሚል ክርክር ተነስቶ ቢከለከልም ክልከላው አልዘለቀም።

ኋላ ሆላንዶች ተክሉን ወደ ጃቫ፣ ከጃቫም ወደ አምስተርዳም ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1714 የአምስተርዳም ከተማ አንድ የቡና ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላከች፤ በዚሁ መናፈሻም ተተከለ። በ1720ዎቹ ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን ከዚያ የተገኘ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተጓዘ። በመርከቡ ላይ ውኃ ሲያጥር የራሱን ድርሻ ለችግኙ ያካፍል እንደነበር ራሱ ተርኳል። እ.ኤ.አ. በ1753 ደግሞ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ ሰየመው። ስያሜው የዓረቦችን አገር እንጂ የትውልድ ቦታውን አላነሳም።

የአንድ እናት ልጆች

የአሜሪካ አህጉር ቡና በብዛት የተራባው ከእነዚህ ጥቂት ዛፎች ነው። የአንድ ቤተሰብ ዘር ስለሆነ አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሌላውንም አይምርም። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዝገት የሲሎንን (የዛሬዋን ስሪላንካ) ቡና አጥፍቶ ገበሬውን ወደ ሻይ አዞረው።

እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ታየ። መድኃኒቱ የተገኘው ግን እዚሁ ነው፤ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከራሳችን የቡና አካባቢዎች መርጠው አራቡ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1966 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የቡና ዘር ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። የልጅ ልጆቹ ሲታመሙ ወደ እናቲቱ ቤት መመለስ ግድ ነውና።

አጥር የሌለው መናፈሻ

የእናቲቱ ቤት የካፋ ደን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡናው ወፍ ዘርቶት ይበቅላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ አብረውት አሉ፤ ከላይ ጉሬዛ ይዘላል። በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ የቡና መነሻ ተብላ ትታወቃለች፤ ቦንጋ ከተማም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ።

ይህ ደን ለእርሻና ለከሰል በተመነጠረ ቁጥር፣ ማንም ያላጠናው የቡና ዓይነት አብሮ ይጠፋል። ገበሬው ግን ልጆቹን ማብላት አለበት፤ ስለዚህ ዛፉ ሳይቆረጥ የሚገኘው ቡና፣ ማርና ቅመም ተገቢ ዋጋ ሊያወጣለት ይገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ታዲያ አላህ ያበቀለውን መጠበቅስ እንዴት ያንስብናል?

ወላጆች ሆይ! የፓሪስ ልጅ የዛፉን ስም ከሰሌዳ ላይ ያነባል። የእኛ ልጆች ሰሌዳ አያቶቻቸው ናቸው። በመጪው የትምህርት ዕረፍት ልጆቻችሁን ወደ ደኑ ውሰዱ። ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ የዛፉን ስም በካፊኛና በአማርኛ፣ ጥቅሙንም ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉ። ስሙን የማያውቁትን ዛፍ ሲቆረጥ አይቆጩለትምና።